ወደ ሳንታ ፌ ጓዝ ጠቅልላችሁ ስትመጡ፦ ከዝግጅት እስከ መጀመሪያው ብርድ

በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ስልኬ ይጠራል። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ አንዳንዴም ከዳላስ። «ኒው ሜክሲኮ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ሳንታ ፌ ልገባ ነው፣ ምን ልያዝ? ምን ላድርግ?» የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ የምመልሰውም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሳንታ ፌ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር አካባቢ ናት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ «እንዴ፣ አገሬማ ነው» ብሎ ዘና ይላል። ከፍታው እውነትም ያገራችን ነው። አየሩ ግን አይደለም። እዚህ በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 350 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ሰው የሚታመመው፣ እንጀራው የሚሰነጠቀው፣ ቤቱ የሚያስቸግረው በአብዛኛው በድርቀቱ ነው። ዝግጅታችሁን በዚህ ዙሪያ አድርጉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የአየር እርጥበት መለኪያ። ትንሽና ርካሽ ናት፣ ግን መጀመሪያ የምትገዙት እሷን ይሁን።
- ሂውሚዲፋየር፣ ማለትም አየር የሚያረጥብ ማሽን። ለእያንዳንዱ መኝታ ቤት አንድ።
- ቫዝሊን ወይም ወፍራም ቅባት፣ የከንፈር ቅባት፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ የጨው ውሃ።
- የፀሐይ መከላከያ ቅባት (ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ)፣ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽር።
- ፕሬዠር ኩከር።
- ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም የሊጥ ዕቃ።
- የራዶን መመርመሪያና የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም።
- በረኪና፣ የላስቲክ ጓንት፣ መርጫ ጠርሙስ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ።
- ለመኪና፦ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ የበረዶ መፋቂያ፣ ብርድ ልብስ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ሊትር ውሃ።
- የአድራሻ ማስረጃ የሚሆኑ ሁለት ወረቀቶች፦ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ወይም የውሃ ቢል።

ደረጃ 1፦ ሳትነሱ ሐኪምና የልጆች መዋያ ያዙ

ሐኪም ማግኘት እዚህ ጊዜ ይወስዳል። አዲስ በሽተኛ የሚቀበል ሐኪም ለማግኘት ወራት የጠበቁ ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ ኢንሹራንሳችሁ እንደታወቀ፣ ገና እዚያው እያላችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። የዘወትር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የ90 ቀን አስጽፋችሁ ኑ። የልብ፣ የሳንባ ወይም የሲክል ሴል ችግር ያለበት ሰው፣ እርጉዝም ብትሆን፣ ስለ ከፍታው ሐኪሟን ወይም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይምጣ።

ልጆች ካሏችሁ ደስ የሚል ነገር አለ። ኒው ሜክሲኮ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ የገቢ ገደቡን አንስቶ የልጆች መዋያ ክፍያን ይሸፍናል። ወላጆች የሚሠሩ ወይም የሚማሩ መሆን አለባቸው። ቦታ ግን በቀላሉ አይገኝም፤ የወረፋ ዝርዝሩ ላይ በጊዜ ተመዝገቡ።

ደረጃ 2፦ ቤቱን ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን እዩ

የመሀል ከተማው ኪራይ ውድ ነው። ብዙ ሠራተኛ የሚኖረው በደቡቡ በኩል፣ በሴሪዮስ ሮድና በኤርፖርት ሮድ አካባቢ ነው። የትም ብትከራዩ ወይም ብትገዙ አራት ነገር አትለፉ።

*ጣሪያው።* የዚህ አገር ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው። ውሃው የሚወርደው ከግድግዳው ወጣ ባሉ አሸንዳዎች ነው፤ «ካናሌስ» ይሏቸዋል። ቅጠልና አፈር ከደፈናቸው ውሃው ጣሪያው ላይ ይተኛና ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ በገባሁ በመጀመሪያው ኦገስት ሌሊት ላይ አልጋዬ ላይ አንጠባጠበብኝ። አከራዩ ጣሪያው እንደሚያፈስ ያውቅ ኖሯል፤ እኔ አልጠየቅኩም ነበር። እናንተ ጠይቁ። ጣሪያው መቼ ታደሰ? ካናሌሱን የሚያጸዳው ማነው? ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ነጠብጣብ ካያችሁ ያ የውሃ ምልክት ነው።

*የመግቢያው አቅጣጫ።* በሩና የመኪና ማቆሚያው ወደ ደቡብ የዞረ ቤት ምረጡ። በረዶ ሲጥል ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል። በሰሜን በኩል ጥላ ውስጥ የቀረው ግን ጠጥሮ ሳምንታት ይቆያል። ሰው ወድቆ እጁን የሚሰብረው እዚያ ላይ ነው።

*ውሃው።* ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ከሆነ የጉድጓድ ውሃ ሊሆን ይችላል። በዚህ አካባቢ አርሰኒክና ዩራኒየም የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። የምርመራ ወረቀት አሳዩኝ በሉ። ውሃ ማፍላት እነዚህን አያስወግድም፣ እንዲያውም ያጠነክራቸዋል።

*የእሳት ኢንሹራንስ።* ቤት የምትገዙ ከሆነ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት የኢንሹራንስ ዋጋ አስወጡ። በ2022 ከሳንታ ፌ በስተ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች የተነሳው ሰደድ እሳት ከ340,000 ኤከር በላይ አቃጥሏል። ጫካ ውስጥ ያለ ቆንጆ ቤት ኢንሹራንሱ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ውል ከፈረሙ በኋላ ማወቅ ከባድ ነው።

ራዶንንም አትርሱ። ከመሬት የሚወጣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በብርድ ወራት መስኮት ዘግታችሁ መርምሩ። ውጤቱ በሊትር 4 ፒኮኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የማስወጫ ማራገቢያ ይገጠምለታል።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ከፋፍሉት

ከዋሽንግተን አካባቢ የምትነዱ ከሆነ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስት ወይም አራት ቀን ስጡት። የመጨረሻዋን ሌሊት አማሪሎ፣ ቴክሳስ እደሩ። አማሪሎ 1,100 ሜትር ላይ ናት፤ ሰውነታችሁ ግማሹን ከፍታ እዚያ ይቀምሳል። በማግስቱ በአይ-40 እስከ ክላይንስ ኮርነርስ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ በ285 መንገድ ወደ ሰሜን ትታጠፋላችሁ።

ስትጭኑ፣ የበርበሬና የሽሮውን ላስቲክ አየሩን ጨፍልቃችሁ አስወጡ። ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ በውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፤ ላስቲኩ ተነፍቶ ሊፈነዳ ይችላል። ሻምፑና ዘይትም እንደዚሁ። ክራር ካላችሁ ክሮቹን ላላ አድርጉት።

ደረጃ 4፦ ሁለት ሳምንት ራሳችሁን አታስጨንቁ

ዲሲ አካባቢ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው የአዲስ አበባ ሳንባው ከእሱ ጋር የለም። ሰውነት ከፍታን ይለምዳል፣ ይረሳልም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ደረጃ ሲወጡ ማለክለክ የተለመደ ነው።

በጥማት አትመሩ። ላብ ወዲያው ስለሚደርቅ ያላባችሁ አይመስላችሁም። የውሃ ጠርሙስ ከእጃችሁ አይለይ። መጠጥ ለአንድ ሳምንት ተዉት፤ ከፍታ ላይ በፍጥነት ይይዛል፣ ያደርቃልም። ዕቃ ለማውረድ ሰው ቅጠሩ ወይም ሁለት ቀን ውሰዱበት።

ስለ ጾም የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምሱ የምትጾሙ ከሆነ፣ የምትመጡበትን ቀን ከዓቢይ ጾም ውጪ አድርጉት። ካልሆነ ስለ መጀመሪያው ሳምንት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ረመዳን ላይም እንደዚሁ፣ የሚመቻችሁ ከሆነ ጉዞውን ከፍቺው በኋላ አድርጉት። በደረቅ አየር ሰውነት ገና ሳይለምድ ውሃ መከልከል ሰው ሲጥል አይቻለሁ።

> ማስጠንቀቂያ፦ ተቀምጣችሁ እያለ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ፣ ግራ የመጋባት ስሜት ካለ፣ ወይም ደረት ከጠበበ «ከፍታው ነው፣ ይለምደኛል» አትበሉ። 911 ደውሉ።

ፀሐይዋንም አትናቁ። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ አካባቢ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቅም። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ልጆቻችሁን ቀቡ።

ደረጃ 5፦ ቤቱን አርጥቡት

መለኪያዋን መኝታ ቤት አስቀምጡ። ማሞቂያ ሲበራ ከ20 በመቶ በታች ስትወርድ ታዩዋታላችሁ። ከ35 እስከ 40 በመቶ ለማድረስ ሞክሩ። የልጆች ነስር የሚቀንሰው፣ የሌሊት ሳል የሚያቆመው ይህን ስታደርጉ ነው። እኔ ቤት ልጄ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ነስሮት ነበር፤ ማሽኗ ከገባች በኋላ ቆመ። የሂውሚዲፋየሩን ውሃ በየቀኑ ቀይሩ፣ በሳምንት አንዴ እጠቡት። ካልታጠበ ጀርም ይረጫል።

ቅባት የምትቀቡት ከሻወር ወጥታችሁ ቆዳችሁ ገና እርጥብ እያለ ይሁን። የሚያለሰልሳችሁ ውሃው ነው፣ ቅባቱ ውሃው እንዳይተን ይከድነዋል። ቆዳ ከደረቀ በኋላ የሚቀባ ቀጭን ሎሽን እዚህ ጥቅም የለውም። ለፀጉርም እንደዚሁ፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ቅቤው ወይም ዘይቱ።

መሶብ፣ አገልግል፣ ከበሮና ክራር ከማሞቂያና ከፀሐይ አርቁ። ስፌቱ ይሰባበራል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል።

በሙቀቱ ወራት ብዙ ቤት ኤር ኮንዲሽን የለውም፤ ያለው «ስዋምፕ ኩለር» ነው። አየርን በእርጥብ ንጣፍ ውስጥ እያሳለፈ ያቀዘቅዛል። ሲበራ መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርጉ፣ አለበለዚያ አይሠራም። ኦክቶበር ላይ ውሃው መፍሰስና መሸፈን አለበት። ይህን ማን እንደሚያደርግ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ እንጀራና ወጥ

ስልክ ከሚደውሉልኝ ግማሾቹ ለዚህ ነው። «ሜሪላንድ ላይ የሚወጣልኝ እንጀራ እዚህ ምን ነካው?» ይሉኛል። መልሱ አጭር ነው፤ ዱቄቱ ደርቋል፣ አየሩም ሊጡን ይመጠዋል።

1. ዱቄቱ ከለመዳችሁት በላይ ውሃ ይፈልጋል። በአንዴ አትጨምሩ፤ ስታቦኩ ትንሽ በትንሽ እያደረጋችሁ እጃችሁ የሚያውቀው ውፍረት ላይ አቁሙ።
2. ሊጡን ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑ። ክፍት ካደረ ላዩ ቆዳ ይሠራል፣ ያ ቆዳ ሲበጠበጥ ጓጉሎ ምጣዱ ላይ ይወጣል።
3. ሌሊቱ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ በጁላይም ቢሆን። ሊጡ ካልፈላ ያልበራ ኦቨን ውስጥ አስቀምጡና የኦቨኑን አምፖል ብቻ አብሩ። ኦቨኑን ማንም እንዳያበራው በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ።
4. አብሲቱን ስትጥሉ ትንሽ ቀጠን አድርጉት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሲፈላም ቶሎ ይተናል፤ አብሲቱ ሳታስቡት ይጠጥራል።
5. አይኑ እንደወጣ ወዲያው ክደኑ። አክንባሎው ከዘገየ ጠርዙ ደርቆ ይሰነጠቃል።
6. ካወጣችሁ በኋላ ሰፌድ ላይ ገላልጣችሁ አትተዉት። እንፋሎቱ በረድ እንዳለ በጨርቅ ሸፍኑት፣ ቀጥሎ ላስቲክ ውስጥ አስገቡት። አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። እዚህ አሥር ደቂቃ አትስጡት።

ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ክክ በተራ ድስት ለመብሰል በጣም ይቆያል። ውሃው የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ እሳት ብትጨምሩ ውሃው ይተናል እንጂ አይሞቅም። ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ከዚያ ፕሬዠር ኩከር። ዶሮ ወጥም ከወትሮው ይቆያል፤ እንግዳ ካለ ቀደም ብላችሁ ጣዱ።

ድርቀቱ የሚጠቅመን አንድ ቦታ ላይ ነው። በርበሬ ማድረቅ እንደዚህ አገር ቀላል የሆነበት አላየሁም። በመከር ገበያ ላይ የሚሸጠው የዚህ አገር ቀይ ቃሪያ እንደኛው አያቃጥልም፣ ግን መልኩ ደማቅ ነው። ከቅመማችን ጋር ተደልዞ ጥሩ በርበሬ ወጥቶልኛል።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱን ጨርሱ

የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ አታዘግዩ። ሪል አይዲ (የፌደራሉን መስፈርት ያሟላ መታወቂያ) ለማውጣት ሁለት የአድራሻ ማስረጃ ይጠየቃል፤ አንድ ይዞ ሄዶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ከሌላ ስቴት የመጣ መኪና የቪን ቁጥሩ (መኪናው ላይ የተጻፈው መለያ ቁጥር) በአካል ይታያል፣ ስለዚህ መኪናውን ይዛችሁ ሂዱ። የጭስ ምርመራ የሚጠየቀው አልበከርኪ ባለበት በበርናሊዮ ካውንቲ ነው፤ ሳንታ ፌ አይጠየቅም።

ደረጃ 8፦ ጋራዡን ከመጥረጋችሁ በፊት ቁሙ

> ማስጠንቀቂያ፦ የአይጥ ኩስ በደረቁ አትጥረጉ፣ በቫኪዩምም አትሳቡ።

እዚህ አገር የሜዳ አይጥ ሃንታ ቫይረስ ይይዛል። ብዙ ሰው አይያዝም፣ የያዘውን ግን ብዙ ጊዜ ይገድላል። ሰው የሚይዘው የደረቀውን ኩስና ሽንት ከአቧራ ጋር ሲተነፍስ ነው። ተዘግቶ የቆየ ጋራዥ ወይም ማከማቻ ስትከፍቱ 30 ደቂቃ አናፍሱት። ጓንት አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እስኪረጥብ ርጩበት። 5 ደቂቃ ጠብቁ። በወረቀት ጠርጋችሁ በላስቲክ ቋጥሩና ጣሉት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከመጣ ለሐኪሙ «አይጥ ያለበት ቦታ አጽድቻለሁ» በሉ፤ ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል።

የሞተ ጥንቸል ወይም ፕሬሪ ዶግ (ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ የአይጥ ዘመድ የሆነ እንስሳ) ልጆች እንዳይነኩ። ቁንጫቸው «ፕሌግ» የሚባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ደረጃ 9፦ ወቅቶቹን እወቁ

ከማርች እስከ ጁን ነፋስና እሳት ነው። «ሬድ ፍላግ» የሚል ማስጠንቀቂያ ባለበት ቀን ለቡና ብላችሁ በረንዳ ላይ ከሰል አታያይዙ። አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ቤት ውስጥ ማያያዝ ደግሞ ይገድላል፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱ አላርም ለዚህም ነው። ፓስፖርትና ወረቀቶቻችሁን በአንድ ቦርሳ በሩ አጠገብ አድርጉ።

ዝናቡ የሚመጣው በኛው ክረምት ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም። ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ደራሽ ጎርፍ። ተራራ የምትወጡ ከሆነ እኩለ ቀን ሳይሆን ውረዱ። «አሮዮ» የሚሉት ደረቅ የወንዝ ቦይ ውስጥ ልጆች አይጫወቱ፣ መኪናም አይቁም። እናንተ ጋ ሳይዘንብ ተራራው ላይ የዘነበው ይደርሳችኋል።

የብርድ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በደንብ ይወርዳል። ብርዱ ሲከፋ በውጪ ግድግዳ በኩል ያለውን ቧንቧ ጠብ ጠብ እንዲል ክፈቱ፣ የማጠቢያውንም ቁም ሣጥን በር ክፍት አድርጉ። ብዙ ቤት የሚሞቀው ከወለሉ ሥር ነው። እሱ ለመሞቅ ሰዓታት ስለሚፈልግ ሌሊት አጥፍቶ ጠዋት ማብራት አያዋጣም፤ አንድ ቁጥር ላይ ተዉት።

የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ ለኩ። ሙቀቱ 5 ወይም 6 ዲግሪ በወረደ ቁጥር 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት የሚለካበት) ያህል ይቀንሳል፣ እዚህ ደግሞ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ብቻውን ከ15 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- «አዲስ አበባ ነው ያደግኩት» ብሎ በደረሰ በማግስቱ ተራራ መውጣት።
- ለሁሉም ነገር ወደ አልበከርኪ የሚመላለስ ሰው የላ ባሃዳን ዳገት በበረዶ ቀን መናቅ። ሬይል ራነር የሚባለው ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፣ በዚያን ቀን እሱን ያዙ።
- ቲማቲምና ቃሪያ በኤፕሪል መትከል። ችግኙን ውርጭ ይመታዋል፤ ሜይ አጋማሽ ድረስ ጠብቁ።
- በፌብሩዋሪና በማርች የሚመጣውን ማስነጠስ ጉንፋን ነው ብሎ አንቲባዮቲክ መፈለግ። ብዙ ጊዜ የጥድ ብናኝ ነው።
- ጤፍ ሲያልቅ መደናገጥ። ከዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ የሐበሻ ሱቅም ቤተ ክርስቲያንም አላት። በአይ-25 ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ በወር ተኩል አንዴ አንድ ሰው ላኩ። በብርድ ወራት ግን ከመነሳታችሁ በፊት የራቶን ማለፊያ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ፤ 2,388 ሜትር ላይ ስለሆነ በረዶ ሲበረታ ይዘጋል።